የባህሪ ሕክምና ውሻ ማሠልጠን አይደለም፤ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ባህሪ ሕክምና፣ ማለትም ፍርሃትንና ልማድን በተግባር ልምምድ ስለሚቀይረው የሥነ ልቦና ሕክምና፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። ከላኩልኝ ሰዎች መካከል ሕክምና ጀምራ ግማሽ መንገድ ላይ ያለች ሴት ትገኝበታለች። «ታዲያ ልተወው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ምላሽ የምጽፈው በዋናነት ለእሷና እሷን ለመሰሉ ሰዎች ነው።

ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው። የባህሪ ሕክምና የሚባለው ሰውን እንደ ውሻ ማልመድ ነው። የችግሩን ሥር ትቶ ቅጠሉን ይቆርጣል። ወሬ ነው፤ ለወሬ ደግሞ ሽማግሌም ቡናም አለን። የነጮችና የሀብታሞች ነገር ነው። ቆራጥ ሰው አያስፈልገውም። ከእምነት ያርቃል። በእውነት ለታመመ ሰው መድኃኒት እንጂ ምክር አይሠራም። በዚያ ላይ መስኩ በአጭበርባሪ ተሞልቷል።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉ አምናለሁ። አጻጻፋቸው ይጥማል፤ ብዙ ሰው የተቀበላቸውም ለዚያ ይመስለኛል። ከነጥቦቻቸው አንዱ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። አንዱ ደግሞ ግማሹ ትክክል ነው። የቀሩት ግን ዛሬ እርዳታ ማግኘት የሚችል ሰው ቤቱ እንዲቀር ያደርጋሉ። ስለዚህ በተራ እሄድባቸዋለሁ።

«ሰውን እንደ ውሻ ማልመድ ነው»

ጸሐፊው ከሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ይጀምራሉ። ውሾቹ የምግብ ምልክት ሲሰሙ ምራቃቸው ይመጣ ነበር፤ የባህሪ ሕክምና የተወለደው ከዚያ ነው ይላሉ። ከምንጮቹ አንዱ መሆኑ እውነት ነው። ግን ኢንሱሊንም መጀመሪያ የተሞከረው በውሾች ላይ ነው። ዛሬ ኢንሱሊን የሚወጋን ሰው እንደ ውሻ ታከመ የሚል የለም።

ያነሱት ሌላ ታሪክ ይበልጥ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ዋትሰንና ረዳቱ ሮዛሊ ሬይነር «ትንሹ አልበርት» በሚል ስም የሚታወቀውን ሕፃን ሆን ብለው አስፈሩት። ነጭ አይጥ እያሳዩት ከኋላው ብረት በመዶሻ ይመቱ ነበር። ሕፃኑ አይጧን መፍራት ተማረ። ፍርሃቱን ሳያስለቅቁት ተለያዩ። ይህ በሕፃን ላይ የተፈጸመ በደል ነው፤ ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም። በኋላም ሰዎችን በኤሌክትሪክ ንዝረትና በሚያስመልስ መድኃኒት እየቀጡ «ለማከም» የተሞከረበት ዘመን ነበር። ይህን የሚደብቅ ባለሙያ ካለ ተሳስቷል።

ጸሐፊው ግን ታሪኩን እዚያው ላይ አቆሙት። ከአራት ዓመት በኋላ የሆነውን አልነገሩንም። በ1924 ሜሪ ኮቨር ጆንስ የተባለች ተመራማሪ ፒተር ስለሚባል ሕፃን ጻፈች። ፒተር ጥንቸል ይፈራ ነበር። የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሏን በሽቦ ሳጥን ውስጥ አድርጋ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችለት። ከዚያ እሱ መቻሉን እያየች ቀስ በቀስ አቀረበችው። ጥንቸል የማይፈሩ ልጆችም አብረውት እንዲጫወቱ አደረገች። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሏን በእጁ ይደባብሳት ጀመር። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አእምሯቸው የተረበሸ ወታደሮችን ሲያክም የነበረው ዘዴ አልበቃው አለ። ቆይቶ ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ የማስለቀቅ ዘዴ አደራጀ፤ መጽሐፉም በ1958 ታተመ።

ዛሬ የምንሠራው ሜሪ የሄደችበትን መንገድ ተከትለን ነው። ውሻው ግቡን አልመረጠም። ታካሚው ግን ይመርጣል። ምን መቀየር እንደሚፈልግ፣ በምን ፍጥነት፣ የት ላይ ማቆም እንደሚፈልግ የሚወስነው እሱ ነው። «እምቢ» ካለ እምቢ ነው።

«ሥሩን ትቶ ቅጠሉን ይቆርጣል»

ይህኛው የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው። ብዙ የተማረ ሰውም ያምንበታል። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልሰው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የብዙ ሰዎችን ነገር አንድ ላይ ያቀላቀልኩት ነው፤ የማንም የግል ታሪክ አይደለም። አንዲት ሴት ከሥራ ወጥታ ሜክሲኮ ላይ ሚኒባስ ትሳፈራለች። ታክሲው ጢም ብሏል። መስኮቱ አይከፈትም። ድንገት ልቧ ድው ድው ይላል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። መሞቷ ነው። «ወራጅ አለ!» ብላ ትጮህና መንገድ ላይ ትወርዳለች። ንፋስ ሲነካት ይለቃታል። ሆስፒታል ሄዳ ልቧን ትታያለች፤ ጤነኛ ነሽ ትባላለች።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እየሰፋ ይሄዳል። መጀመሪያ የኋላ ወንበር ትተዋለች። ቀጥሎ ጋቢና ካላገኘች አትሳፈርም። ቀጥሎ የውሃ ኮዳ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። ቀጥሎ እህቷ ካልሸኘቻት አትሄድም። በመጨረሻ ከሥራ ትቀራለች። ሰው ሲጠይቃት «ትንሽ አሞኝ ነው» ትላለች።

ሥሩ የት ነው? ምናልባት በልጅነቷ የደረሰባት ነገር አለ። ምናልባት በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አጥታ፣ ምሳ ሳትበላ፣ ቡና ደጋግማ ጠጥታ ነበር። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ዛሬ ፍርሃቱን ምን እንደሚቀልበው ግን ይታወቃል። እሳቱን የለኮሰው ክብሪትና አሁን የሚነደው እንጨት ይለያያሉ፤ ክብሪቱን ፈልገን ብናገኘው እንኳ እሳቱ አይጠፋም። እዚህ ጋ እንጨቱ መሸሽ ነው። ከታክሲ በወረደች ቁጥር እፎይ ትላለች። እፎይታው ደግሞ «ያዳነሽ መውረድሽ ነው» ብሎ ያስተምራታል። ባትወርድ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አይታው አታውቅም። ሁሌም ከማየቷ በፊት ወርዳለች።

ሕክምናው የሚገባው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ፓኒክ ምን እንደሆነ ትማራለች፦ ሰውነት ለአደጋ የሚዘጋጅበት መንገድ ያለ አደጋ ሲነሳ ነው። ያስጨንቃል፤ አይገድልም። ይህን ሰምታ «እሺ ገባኝ» ትላለች፤ ግን መስማት ብቻውን ታክሲ አያሳፍርም። ስለዚህ ከባለሙያው ጋር ሆና ስሜቱን ሆን ብላ ትቀሰቅሰዋለች። ደረጃ በሩጫ ትወጣለች። በቀጭን ስትሮ ትተነፍሳለች። ወንበር ላይ ሆና ትሽከረከራለች። ልቧ ይመታል፣ ያዞራታል፤ እሷ ግን የትም አትሄድም። ለወራት የሸሸችውን ስሜት ፊት ለፊት ታየዋለች፤ ያልፋልም።

ከዚያ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄድ ዝርዝር ይወጣል። የመጀመሪያው ሥራ ታክሲ መያዣው ጋ ሄዶ ሰልፉን እያዩ መቆም ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ከእህት ጋር አንድ ፌርማታ። ቀጥሎ ብቻዋን፣ ጋቢና። ቀጥሎ መሐል ወንበር፣ ኮዳውን ቤት ትታ። የመጨረሻው በሥራ መውጫ ሰዓት የኋላ ወንበር ላይ ከሦስት ሰው ጋር ተጣቦ መሄድ ነው። በየጊዜው ከመሳፈሯ በፊት የምትፈራውን ትጽፋለች፦ «ሳር ቤት ሳልደርስ ራሴን እስታለሁ።» ስትመለስ የሆነውን ትጽፋለች፦ «ልቤ መታ። አላበኝ። ራሴን አልሳትኩም። ሳር ቤት ደረስኩ።» እንዲህ ያሉ ገጾች ሲደራረቡ ፍርሃቱ የሚቆምበት መሬት ያጣል።

የኮዳው ነገር ትንሽ ነገር ይመስላል። ትንሽ አይደለም። ኮዳውን ይዛ ደርሳ ብትመለስ፣ ልቧ «ኮዳው ባይኖር ኖሮ» ይላታል። የተማረችው ነገር ይሰረዛል። ለዚህ ነው ጎበዝ ባለሙያ ስለ ኮዳ፣ ስለ መስኮት፣ ስለ ስልክ አንድ በአንድ የሚጠይቀው። ጸሐፊው «ቅጠል» ያሉት ይህንን ከሆነ፣ የችግሩ ዕድሜ የሚረዝመው በዚህ ቅጠል ነው።

«ቅጠሉን ብትቆርጡት በሌላ በኩል ይበቅላል» የሚለው ክርክርም አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ ሲያከራክር ነበር፤ ተፈትኗልም። ጎርደን ፖል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1966 ባወጣው ጥናቱ ሰው ፊት መናገር የሚያስፈራቸውን ተማሪዎች በየቡድኑ ከፈለ። ከፊሎቹ ፍርሃቱን ደረጃ በደረጃ የማስለቀቅ ሕክምና አገኙ። ከፊሎቹ የፍርሃታቸውን ሥር የሚፈልግ ሕክምና አገኙ። የተሻለ ውጤት ያገኙት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩም ለውጡ ነበረ፤ በተቀየረው ፍርሃት ምትክ ሌላ በሽታ አልበቀለም።

ይህን ስል ያለፈ ታሪክ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ጦርነት ያየ፣ የተደፈረ፣ ልጁን ያጣ ሰው ታሪኩ መሰማት አለበት። ለዚህም ከባህሪ ሕክምና የወጡ፣ ታሪኩን ራሱ ቀስ ብሎ በመናገር ላይ የተመሠረቱ መንገዶች አሉ። በኡጋንዳ መጠለያ ጣቢያ በነበሩ ሱዳናውያን ስደተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2004 የታተመው የትረካ ሕክምና ከነዚህ አንዱ ነው።

«ወሬ ነው፤ ለወሬ ቡና አለን»

እዚህ ላይ ጸሐፊውና እኔ የምንጣላ አይመስለኝም፤ የተሳሳቱት ስለ ሕክምናው ምንነት ነው። ከባህሪ ሕክምና ውስጥ ወሬው ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል የሚሠራው ቤት፣ መንገድ ላይ፣ ሥራ ቦታ ነው። ሳምንቱ ሰባት ቀን አለው፤ ከባለሙያው ጋር የሚያልፈው አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ድባቴን (ዲፕሬሽንን) እንውሰድ። ከዓረብ አገር የተመለሰች ወጣት አስቡ። ደመወዟን ሳትቀበል ነው የመጣችው። ቤተሰብ ዕዳ አለበት። ሰፈሩ «ምን ይዛ መጣች?» ይላል። እሷ ከአልጋ መነሳት ካቆመች ቆይታለች። ስልክ አታነሳም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች። እናቷ «አይዞሽ፣ አታስቢ፣ እግዜር ያውቃል» ትላታለች። የፍቅር ቃል ነው። ግን «አታስቢ» የተባለ ሰው ምን ያድርግ? ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ምን ሊሠራ ነው?

የባህሪ ሕክምና ከዚህች ጥያቄ ይነሳል። መጀመሪያ ምንም አትቀይሪ ትባላለች። በየሰዓቱ ያደረገችውንና ስሜቷን ከዜሮ እስከ አሥር ብቻ ትጽፋለች። ወረቀቱ በሳምንቱ ሲታይ አንድ ነገር ይወጣል። አልጋ ላይ ሆና ስልክ ስታገላብጥ አንድና ሁለት ነው። የእህቷን ልጅ ፀጉር ስትሠራ አራት ደርሷል። እሷ ራሷ አላስተዋለችውም ነበር፤ «ምንም አያስደስተኝም» ስትል ነበር። አራት ብዙ አይደለም። ግን ሁለት አይደለም።

ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሹሩባ መሥራት ይያዛል። ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል። ጠዋት ፊቷን ታጥባ ጓሮ ፀሐይ ላይ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ይያዛል። «ደስ ካለኝ» የሚባል ነገር የለም። ደስታ እስኪመጣ መጠበቅ ነው አልጋው ላይ ያስቀራት። እዚህ ሥራው ይቀድማል፣ ስሜቱ ይከተላል።

አንድ ሳምንት ጎረቤት ቡና እንድትጠጣ ተይዞ አልሄደችም እንበል። ተራ መካሪ «ሰነፍሽ» ይላል። ባለሙያ «ምን ያዘሽ?» ይላል። ስትናገር ነገሩ ይገለጣል፦ ጎረቤቷ «ስንት ብር ይዘሽ መጣሽ?» ብለው እንዳይጠይቋት ፈርታ ነው። ጥሩ፤ እንግዲህ ችግሩ ታወቀ። መልሱን ይለማመዱታል። ባለሙያው እንደ ጎረቤቷ ሆኖ ይጠይቃል፤ እሷ ትመልሳለች። «እትዬ፣ በሰላም ስለገባሁ ተመስገን ነው፤ የገንዘቡ ነገር ወደፊት ይታያል።» ድምጿ እስኪጸና ይደጋግሙታል። በሚቀጥለው ሳምንት ቡናው ላይ ትቀመጣለች።

ጸሐፊው ቡና፣ እድርና ሽማግሌ አሉን ሲሉ ልክ ናቸው። ይህ ሕክምና እነሱን አይተካም። ሰውየውን ወደነሱ ይመልሰዋል። ከድባቴ ክፋት አንዱ ሰውን ከቡናው ማስቀረቱ ነው፤ ቡና አለን ማለት ለቀረው ሰው አይደርስለትም።

ደግሞም ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ። በ2006 በሲያትል በተሠራ ጥናት 241 በድባቴ የተያዙ ሰዎች ተሳትፈዋል። ሕመሙ በጠናባቸው ሰዎች ላይ ይህ የሥራ ዕቅድ ሕክምና ከመድኃኒት ጋር የሚመጣጠን ውጤት አስገኝቷል። ሐሳብን በመመርመር ላይ ያተኮረውን ሕክምና ደግሞ በልጧል።

«የነጮችና የሀብታሞች ነው»

አዲስ አበባ ውስጥ በግል የሚሰጠው አገልግሎት ለብዙ ሰው ኪስ ከባድ መሆኑን አልክድም። እኔንም የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ነው። ግን ውድ የሆነው አገልግሎቱ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ዘዴው ራሱ ርካሽ ነው። ማሽን አይፈልግም። ብዙውን የሚሠራው ታካሚው ነው።

ከዚህ የተነሳ ነው ከሀብታም አገር ውጭ ብዙ የተሞከረው። በሕንድ ጎዋ ሙያው የሌላቸው የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ውስጥ ለድባቴ ታካሚዎች ከስድስት እስከ ስምንት ቀጠሮ እንዲሰጡ ተደረገ። የሰጡት ሕክምና ከላይ የነገርኳችሁን ዓይነት ነው። ቪክራም ፓቴልና ባልደረቦቹ ውጤቱን በ2017 አሳተሙ። 495 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከሦስት ወር በኋላ ሕክምናውን ካገኙት 64 በመቶ ያህሉ ከድባቴው ወጥተዋል፤ የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት 39 በመቶ ያህሉ።

በዚምባብዌ ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ የጤና ጣቢያ ሴት ሠራተኞችን አሠለጠነ። አብዛኞቹ አያቶች ናቸው። ሐራሬ ውስጥ በጤና ጣቢያው ግቢ የእንጨት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው፣ ችግርን ቆራርጦ አንድ በአንድ የመፍታት ዘዴ ያስተምራሉ። የባህሪ ሕክምና የቅርብ ዘመድ ነው። በ2016 የታተመው ጥናት 573 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን ውጤቱ በጣም ጥሩ ነበር። አያት፣ አግዳሚ፣ የጤና ጣቢያ ግቢ። ከዚህ ውስጥ የነጭ የሆነው የቱ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅትም በአምስት ቀጠሮ የሚያልቅ መመሪያ አዘጋጅቶ በነፃ አቅርቧል። ጭንቀትን ማርገብ፣ ችግር መፍታት፣ ከተቀመጡበት ተነስቶ መንቀሳቀስ፣ ከሰው ጋር መገናኘት ነው ይዘቱ። በፔሻዋርና በናይሮቢ ተፈትኗል። በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቿ የምትታወቅ አገር ይህን ለማስፋፋት ከማንም የተሻለ መነሻ አላት።

«ቆራጥ ሰው አያስፈልገውም»

ጫት ለማቆም የታገለ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አስባለሁ። ምናልባት ደጋግሞ ቆርጦ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ቆራጥ ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጓደኛው ይደውላል፤ «ዛሬ እንትና ቤት ነን» ይለዋል። እግሩ ራሱ ያውቀዋል መንገዱን።

ቆራጥነቱ የጠፋ ይመስለዋል። ችግሩ ያለው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ያ ስልክ፣ ያ ቤት ላይ ነው። ልማድ በሰዓት፣ በቦታና በሰው ይታሰራል። ስለዚህ ሥራው ቅዳሜን ማፍረስ ነው። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ባዶ እንዳይሆን አስቀድሞ ይያዛል፤ የልጅ ትምህርት፣ ኳስ፣ የዘመድ ጥየቃ። «እንትና ከደወለ እንዲህ እለዋለሁ» የሚል ዝግጁ መልስ ይኖራል። «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ የታቀደ ነገር በደፈናው ካሰቡት ይልቅ እንደሚፈጸም ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር ደጋግሞ አሳይቷል። ካቆመ በኋላ የሚመጣው ድብርትና እንቅልፍም አስቀድሞ ይነገረዋል። የማያውቀው ሰው «ያለ ጫት አልሆንም» ብሎ ይመለሳል፤ የሚያልፍ መሆኑን ያወቀ ይጠብቀዋል።

«በ21 ቀን ልማድ ይቀየራል» የሚባለውንም ጸሐፊው ጠቅሰዋል። ልክ አይደለም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲጀምሩ ተከታትለው ነበር፤ ውጤቱ በ2010 ወጣ። በመካከለኛው የፈጀው 66 ቀን ነው። አንዳንዱ በ18 ቀን ለመደው፤ ሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚወስድበት ተገመተ። አንድ ቀን መዝለል ሥራውን አላበላሸውም። በሃያ ሁለተኛው ቀን «እኔ ወኔ የለኝም» ብሎ ያቆመ ሰው ገና መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው። ይህን ቢያውቅ አያቆምም ነበር።

«ከእምነት ያርቃል»

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሎት የሚያደርግ ሰው ታክሲ መሳፈር ቢለማመድ ከጸሎቱ የሚቀንስበት ነገር የለም። እንጦጦ ላይ የኤችአይቪ መድኃኒት እየተወ ጠበል ብቻ የሚል ሰው በበዛበት ጊዜ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ሁለቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ያ ምክር ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ። የአእምሮ ጤና በሌላ ሚዛን የሚለካበት ምክንያት አይታየኝም። በሃይማኖቱ የጸና ሰው ደግሞ ዕቅዱን ሲያወጣ ቅዳሴውን ወይም ጁምዓውን መጀመሪያ ላይ ያስገባዋል፤ ጥሩ ባለሙያም ይህን ያበረታታል። እምነትህን ተው የሚል ካጋጠማችሁ ባለሙያውን ቀይሩ።

«ለታመመ ሰው መድኃኒት እንጂ ምክር አይሠራም»

ግማሹ ትክክል ነው ያልኩት ይህኛውን ነው። ድምፅ የሚሰማው፣ ሰው ሊገድለኝ ነው ብሎ የሚሸሽ፣ ለቀናት ሳይተኛ የሚለፈልፍ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ማየት አለበት። የሚወስደውን መድኃኒትም በማንም ምክር አያቋርጥ። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተው በቶሎ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ ነው ያለው። በክልል ያለ ሰውም በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ይሂድ።

«መድኃኒት ብቻ» የሚለው ግን አያስኬድም። ስኪዞፍሬንያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ እስከ ማሰማት የሚያደርስ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ መድኃኒት በጣም ከሚያስፈልጋቸው ሕመሞች አንዱ ነው። ታዲያ ጉራጌ ውስጥ፣ በሶዶ ወረዳ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ሠልጥነው ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ለአንድ ዓመት ቤታቸው እየሄዱ አገዟቸው። ገላ መታጠብ፣ ወደ እርሻና ወደ ገበያ መመለስ፣ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር፣ መድኃኒትን አለማቋረጥ ላይ ነበር ሥራው። በጥናቱ 166 ታካሚዎች ነበሩ፤ ውጤቱ በ2022 ታትሟል። ከጤና ጣቢያ ሕክምና ጋር ይህን ድጋፍ ያገኙት፣ የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ በዕለት ኑሯቸው የተሻሉ ሆነዋል። እዚሁ አገራችን ውስጥ የሆነ ነገር ነው፤ ጸሐፊው ቢያነሱት ደስ ባለኝ።

እንቅልፍ ማጣት ደግሞ በተቃራኒው ነው። ብዙ ሰው ከፋርማሲ ኪኒን ይጠይቃል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ባወጣው መመሪያ ግን ለሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ይህን ዓይነቱ የባህሪና የአስተሳሰብ ሕክምና እንዲሰጥ መክሯል። ከሕጎቹ ዋና ዋናዎቹ ቀላል ናቸው። እንቅልፍ ካልመጣ አልጋ ላይ አትቆዩ። ስትነሱ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ውስጥ ተቀመጡና እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሱ። አልጋ ላይ ስልክ አታዩ። ቀን አትተኙ። የቱንም ያህል ብታድሩ ጠዋት የምትነሱበት ሰዓት አይለወጥ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ይህን ሳይነግሩ ሕጉን ብቻ መስጠት ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል።

«መስኩ በአጭበርባሪ ተሞልቷል»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጎን ነኝ። የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ «የሕይወት ቴራፒስት» የሚል ማዕረግ የሚለጥፍ ሰው አለ። የታካሚዎቹን ምስጢር ቪዲዮ ላይ የሚያወራ አለ። በአንድ ቀጠሮ ፍርሃታችሁን እነቅላለሁ ብሎ ብዙ ብር የሚቀበል አለ። ስለ ጎዋና ስለ ሐራሬ የነገርኳችሁ ሰዎች ዲግሪ ላይኖራቸው ይችላል። ግን በመመሪያ ይሠራሉ፣ የሚከታተላቸው ባለሙያ አላቸው፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ሰው ወደ ሐኪም ይልካሉ። አጭበርባሪው ሦስቱም የሉትም።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። የት ተማርክ? ማን ይከታተልሃል? ለእኔ ዓይነቱ ችግር የምትሰጠው ሕክምና ምን ይባላል? ስንት ቀጠሮ ይወስዳል? መሻሻሌን በምን እንለካዋለን? በሳምንቱ መሐል እኔ ምን እሠራለሁ? የነገርኩህን ለማን ትናገራለህ? መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በደስታ ይመልሳል። በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተጨመረ የቤት ሥራ ሳይሰጣችሁ፣ ምንም ሳይለካ ወራት ካለፉ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ጽሑፉን ልካ «ልተወው?» ላለችኝ ሴትም የመለስኩላት ይህንኑ ነው፦ አትተይው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ግን እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈሽ ይዘሽ ግቢ።